ለብቻው የዘፈናቸው

ጥቅምት 9

ለውድ እትዬ፣

ይህ ደብዳቤ በጤናና በሰላም ያግኝዎት። ጉልበትዎን አሁንም ያምዎት እንደሆነ፣ ማተሚያ ቤቱ ጠረጴዛ ዘንድ ቆመው ወረቀት ሲያጥፉ መዋልዎን ትተው እንደሆነ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ እርስዎኑ እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱን ለምጄዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን ፈልጋ ጻፈች ቢሉ አይፈረድብዎትም። አባዬ ለብቻዬ እዘፍናለሁ ብሎ ከአጎቴ ባንድ ከወጣ ወዲህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሰላምታ እንኳ እንደ ኮንትሮባንድ ተደብቆ ነበር የሚያልፈው። አሁን አጎቴ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። አባዬ ግን አለ፤ እንዲኖርልኝም እፈልጋለሁ። የምጽፈው ለዚህ ብቻ ነው።

ጉሮሮው ውስጥ እባጭ ተገኝቷል። ሐኪሙ ድምፅ የሚያወጣውን ክፍል ቆርጠን ካወጣነው ይድናል፣ ካልሆነ እየሰፋ ሄዶ ትንፋሹን ይዘጋዋል ብለዋል። አባዬ እምቢ አለ። «ሎጋው ያለ ድምፁ ማን ነው?» አለኝ በስልክ። ሕዝቡ ያወጣለትን ስም ራሱ ሲጠራው የሌላ ሰው ስም ይመስላል። ከዚያ ወዲህ በስልክ መነጋገርም ትቷል፤ የሻከረውን ድምፁን እንድሰማው አይፈልግም። እኔም መምጣት አልችልም። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ገና አላለቀም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።

ሥራዬን ሰምተው ይሆናል። የድሮ ቅጂዎችን አጽድቶ እንደገና የሚያወጣ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነኝ። «ፂሞ» የምንለው አለቃችን አባዬ ማን እንደሆነ ሲሰማ፣ ለብቻው የዘፈናቸውን መርጠን በአንድ አልበም እንሰብስባቸው አለ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የባንዱን ሎጋው ነው። ለብቻው ያወጣቸው ሸክላዎች ግን አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ተበትነው ቀርተዋል። እነሱን ሳጸዳ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ድምፁ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ እዚህም አለ። ይህን በጆሮው ቢሰማ፣ ድምፁ ማንም ሊቆርጠው የማይችልበት ቦታ መቀመጡን ቢያምን፣ ለሐኪሙ እሺ ይላቸው ይሆናል።

የናሙናውን ካሴት ልኬያለሁ። እባክዎ እርስዎ ይውሰዱለት። ሌላ ሰው ቢወስድለት ከነፖስታው ይወረውረዋል። የወንድሙ ሚስት በሩ ላይ ስትቆም ግን ከድንጋጤው የተነሳ ይቀበላል።

ሁኔታውንም በደንብ አይተው ይጻፉልኝ። ይበላል ወይ? ከስቷል ወይ?

እንደ እናቴ የማይዎት፣
የሎጋው ልጅ


ኅዳር 2

ለልጄ፣

እንድትጽፊልኝ ልብሽን ያራራው አምላክ አንቺንም ከክፉ ይሰውርሽ፤ በሰው አገር የምትረግጪው ይቅናልሽ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ያጉረመርማል። ማተሚያ ቤቱም እንዳለ ነው፤ አሁን የምናጥፈው የተማሪዎች መጽሐፍ ነው።

ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። ካሴቱ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ላደርስለት ለባብሼ ከወጣሁ በኋላ ከግቢው በር ተመለስኩ። የሰውየውን ዘፈን ሳልሰማ እንዴት ዘፈንህን ስማ እለዋለሁ? «አንቺስ ሰምተሽዋል?» ቢለኝ ምን ልመልስ ነው?

እንደምታውቂው እዚህ ቤት አባትሽ ለብቻው የዘፈነው አይከፈትም ነበር። አጎትሽ በቃሉ ከልክሎ አያውቅም። የአባትሽ ድምፅ በሬዲዮ ሲመጣ ትራምፔቱን የሚወለውልበትን ጨርቅ ጉልበቱ ላይ ያኖርና ዝም ይላል። ያን ዝምታ መቋቋም አቅቶኝ ተነስቼ የማጠፋው እኔ ነበርኩ። በኋላ በኋላ አጎትሽ ቤት በሌለበትም ማጥፋት ለመድኩ። ካረፈም በኋላ እጄ በራሱ ይሄድ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ልስማው ብዬ የጎረቤቴን ቴፕ ተዋስኩ። ማንበብ የተማርኩት ከማጥፋቸው ወረቀቶች ነው፤ በትልቁ ወረቀት ላይ ገጾቹ በተራ ስለማይታተሙ፣ ታሪኩን ከመሃል ጀምሬ የቀረውን መገመት የኖርኩበት ነው። የአባትሽንም ነገር እንደዚያ ከመሃል ጀመርኩት።

ከባንዱ ጋር የማውቀው አባትሽ ሲዘፍን ከመንገድ ማዶ ሰው የሚጣራ ነበር የሚመስለው። ትራምፔትና ሳክስፎኑ ከኋላው ይጮኻል፣ እሱ ከዚያ በላይ ይጮኻል፣ ሕዝቡም ይወድለታል። እዚህ ግን አንድ ስንኝ ይልና ይተወዋል። ባዶ ቦታ ይተዋል። ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ ቴፑን ከፍቼ አየሁ። «ሦስተኛው ፎቅ» የሚለው ዘፈን ላይ ያው ባዶ ቦታ ዳግመኛ ሲመጣ ግን ገባኝ። የአጎትሽ ቦታ ነው። ትራምፔቱ የሚገባበት ቦታ ነው። ተጣልቶ ወጥቶ፣ ሌላ ነፊ መቅጠር ሲችል፣ የወንድሙን ቦታ ባዶ ትቶ ይዘፍናል። እኔም አፌን እንደዘጋሁ የአጎትሽን ዜማ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት።

ልጄ፣ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አጎትሽስ ሰምቶት ይሆን? ባላጠፋሁበት ኖሮ ይሰማው ነበር።

አባትሽ ዘንድ ገና አልሄድኩም። እሑድ እሄዳለሁ።

አክስትሽ


ኅዳር 13

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቱ ይድረስዎ። ለረጅም ሰላምታ ልብ አጣሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ዘፈኖቹ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራዬ ማጽዳት ነው። እነዚያ ቦታዎች ላይ ያለውን የሸክላ የጭረት ድምፅ ስለቅም ከርሜ፣ ባዶ መሆናቸውን ግን አላየሁም። እግዜር ይስጥልኝ።

ግን እትዬ፣ እሑዱ አልፏል። ሄደዋል? ሐኪሙ ጋ ደውዬ ነበር። ፀሐፊያቸው «አባትሽ በቀጠሯቸው አልመጡም፣ ስልክም አያነሱም» አለችኝ። ይህን ያለችኝ እንደ ተራ ነገር ነው። ፂሞ ደግሞ የአልበሙን ሽፋን ወደ ማተሚያ ሊልክ ነው፤ የአባዬን ፈቃድ አምጪ ይለኛል። ፈቃዱ ቢቀር ይቅር። ሰውየው ይትረፍልኝ።

እባክዎ አንድ መስመርም ብትሆን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 25

ለልጄ፣

ሰማይና ምድርን የያዘ አንቺንም ይያዝልኝ። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። የሄድኩት ትናንት ነው። እሑድ ዕለት ዘነበ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አልዘነበም። ፈርቼ ነው።

ቤቱን ታውቂዋለሽ፤ ከጎሚስታው በላይ ያለችው ክፍል ናት። የብረት ደረጃው በውጭ ነው፤ ጎማ የሚነፋው ማሽን ሲነሳ ደረጃውም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እማማ፣ ሎጋውን ነው? ይውጡ፣ ግን መደገፊያውን ይያዙ። ሲያባርርዎት ደግሞ ቀስ ብለው ነው የሚወርዱት» አለኝ።

በሩን ራሱ ከፈተው። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሬዲዮ አጥፊዋ!» አለኝ። ድምፁ በወንፊት የሚያልፍ ይመስላል።

«ማን ነገረህ?»

«ወንድሜ ነዋ! አንዴ አውቶቡስ ውስጥ ተገናኘን። ‹ዘፈንህን እንዳልሰማው ሚስቴ ታጠፋብኛለች› አለኝ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ስንስቅ ሄድን።»

እኔ አልሳቅኩም። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ላንቺም የጻፍኩት እጄ ቀድሞኝ ነው።

ካሴቱን ሰጠሁት። ገለበጠው። «ስብስብ ነው?» አለኝ። ስብስብ ነው አልኩት።

«ስብስብ የሚወጣለት የሞተ ሰው ነው። ልጄ ቀብራኛለች ወይስ ልትቀብረኝ ነው?»

«ልታድንህ ነው» አልኩት። «እስቲ ስማው።»

መነጽሩን አድርጎ ከካሴቱ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አወጣ። በጣቱ የዘፈኖቹን ርእስ እየተከተለ እስከ ታች ወረደ። ወረቀቷን ገልብጦ ጀርባዋንም አየ።

«የመጨረሻው ሸክላዬ የት አለ?»

«የትኛው?»

«አየሽ፣ አንቺም አታውቂውም። ማንም አልገዛውም። ልጄም ጣለችው።» ወረቀቷን እንደነበረች አጥፎ መልሶ ከተተና ካሴቱን እጄ ላይ አኖረው። «ውሰጅው። ሎጋው ድምፁ ሲያልቅ አልቋል ብላ ነው የላከችልኝ። እኔም እንደዚያው ብዬ ነው ሐኪሙን እምቢ ያልኳቸው። አባትና ልጅ ተስማምተናል፤ ምን ያጨቃጭቀናል?»

ደረጃውን ቀስ ብዬ ወረድኩ።

ይበላል ወይ ላልሽው፣ እኔ እያለሁ ሻይ ጠጥቷል። ከስቷል ወይ ላልሽው፣ ድሮም ቀጭን ነበር። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን የመጨረሻውን ሸክላ ለምን ተውሽው?

አክስትሽ


ታኅሣሥ 6

ለእትዬ፣

አክብሮቴና ናፍቆቴ ይድረስዎ፤ ጤናዎን ያብዛልኝ።

ድሮም ቀጭን ነበር ይሉኛል። እትዬ፣ እባክዎ እንደ ሕፃን አያባብሉኝ። ያልጻፉልኝ ነገር እንዳለ ከሻዩ አውቄዋለሁ። ይበላል ወይ ተብሎ ሻይ ጠጣ የሚል ሰው የሚደብቀው አለው።

ሸክላውን የተውኩት አውቄ ነው። እርስዎ ስላልሰሙት ልንገርዎት። ከአንድ ጊታር ጋር፣ በተዋሰው ክፍል ውስጥ ነው የቀዳው። ድምፁ ያኔ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። አንዱ ዘፈን መሃል ላይ ያስላል። ያስላል እኮ ነው የምልዎት! ያን ይዞ አሳተመው። ሱቆቹ ካርቶኑን ሳይፈቱ መለሱለት። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ክፍል ውስጥ ስገባ ልጆቹ በየተራ ይስሉልኝ ነበር። መምህራችን ሳይቀር እየሳቀ «ዝም በሉ» ይል ነበር።

ያንን ሳል አጽድቼ፣ አሳምሬ፣ እንደገና ለዓለም ላሰማው? ለክብሩ ብዬ ነው የተውኩት። ፂሞም እንዲሰማው አልፈቀድኩም፤ ሸክላው ጠፍቷል አልኩት። እኔ የመረጥኩት አባዬ በሙሉ አቅሙ የቆመበትን ብቻ ነው፤ አንድም ቦታ ላይ አይሰነጠቅም።

እባክዎ ካሴቱን መልሰው ይውሰዱለት። እምቢ ቢል በሩ ላይ ያስቀምጡለት። ሐኪሙ ጊዜ የለንም ብለዋል።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 18

ለልጄ፣

ያዘነ ልብሽን አምላክ ያሳርፍልሽ። ይህን ደብዳቤ ስታነቢ ተቀመጪ።

ሸክላውን ፈልጌ አገኘሁት። ከፎቶ ቤቱ አጠገብ፣ ደረጃ ሥር ተወሽቆ የድሮ ሸክላ የሚሸጥ ሰው አለ። የአባትሽን የመጨረሻ ስለው ሳቀ። «እሜቴ፣ ያንን የሚገዛ ሰው ከተገኘ ከነመደርደሪያው እሸኘዋለሁ» አለኝ። ከኋላ ጎትቶ አወጣው፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። እቤቴ ማጫወቻ የለኝም፣ እዚሁ ክፈትልኝ አልኩት። መቀመጫ ስላልነበረ ቆሜ ሰማሁ። እሱ ሌሎች ሸክላዎችን በጨርቅ እየወለወለ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ መወልወሉን ተወው።

«ዣንጥላሽ እኔ ጋ ነው» ይላል ዘፈኑ። አንዲት ሴት ሰውየው ቤት ዣንጥላዋን ረስታ ሄዳለች። አመጣልሻለሁ ይላታል፤ ደግሞ ዝናቡ አባርቷል አይቸኩልም ይላታል። ሌላ ነገር የለውም። የሚዘፍን አይመስልም፤ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ኪሱን እየዳበሰ ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ያልሽው ሳል መጣ። ጊታሩ ቆም ብሎ ጠበቀው። ከዚያ ቀጣዩን ስንኝ ከበፊቱም ዝቅ አድርጎ አነሳው፤ ሰው ሲያስል የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ ድምፁን እንደሚቀንስ። ሸክላ ሻጩ «ይሄን እኔ ሰምቼው አላውቅም» አለ። ሱቁ ውስጥ ስንት ዓመት ተቀምጦ!

እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። የተሰማኝን ግን ልንገርሽ። አባትሽ በትልቁ ድምፁ ሲዘፍን አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው የሚያየው። እዚህ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ድምፁ አለቀ ያልሽበት ቦታ ላይ ሰውየው አላለቀም፤ እንዲያውም ገና መምጣቱ ነው። የላክሽለት አልበም ያማረ ነው፣ ግን እስከዚህ ድረስ ነህ፣ ከዚህ በኋላ የለህም ይለዋል። ያውም በልጁ እጅ። እንዴት ብሎ ለሐኪም አንገቱን ይስጥ?

ያልጻፍኩልሽን ደግሞ አሁን ልጻፈው። ከስቷል። ሸሚዙ መስቀያ ላይ እንዳለ ነው ትከሻው ላይ የተንጠለጠለው። ጋደም ሲል ትንፋሽ ስለሚያጥረው አልጋውን ትቶ ወንበር ላይ ነው የሚያድረው፤ ጎሚስታው ነግሮኛል። ሰው እንዳይከፋው ብዬ ነገር ዝም ማሰኘት የቆየ ልማዴ ነው። ላንቺም ሳደርገው ደረስኩበት።

ያን ሸክላ አልበሙ ውስጥ አስገቢው፤ ሳሉን ጭምር። ሌላ መላ አይታየኝም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 27

ለእትዬ፣

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁንልኝ። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ካሴቱን የሚያደርስልኝ መንገደኛ በር ላይ ቆሟል።

በወንበሩ ያድራል ያሉኝን ካነበብኩ ወዲህ እኔም ጎኔን ማሳረፍ አቃተኝ።

ሸክላው በእኔው ሻንጣ ውስጥ ነበር። ለፂሞ እውነቱን ነገርኩት። ከፍቶ ሰማው፤ ፂሙን እየጎተተ እስከ መጨረሻው ሰማው፤ ከዚያ «እንደዚህ ያለ ነገር ይዘሽ ነው ሌላውን ስትወለውዪ የከረምሽው?» ብሎ ተቆጣኝ። ሽፋኑን ከማተሚያ አስመለሰው። የካሴቱን ሁለተኛ ፊት በሙሉ የመጨረሻው ሸክላ ይዞታል።

መጀመሪያ ሳሉን ቆርጬው ነበር። መቼም እጄ ነው። መልሼ ስሰማው ቀጣዩ ስንኝ ለምን ዝቅ እንዳለ አይገባም፤ መሬት እንደሌለው ደረጃ ሆነ። ወደ ቦታው መለስኩት።

እባክዎ አሁን እሑድን አይጠብቁ።

ልጅዎ


ጥር 4

ለልጄ፣

ምስጋና ለፈጣሪ ይሁን፤ አንቺም እጅሽ ይባረክ። ካሴቱ በደረሰኝ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ቴፑንም በፌስታል ይዤ ነበር፤ ቴፕ የለኝም እንዳይለኝ።

«ደግሞ መጣሽ?» አለኝ።

«ደግሞ መጣሁ። ሁለተኛውን ፊት ነው የምከፍተው፤ ካልወደድከው ማጥፋቱን እችልበታለሁ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደበትና ወንበሩን ይዞ ቆመ። እኔ ከፈትኩት። ጊታሩ ሲጀምር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከታች የጎማ መንፊያው ማሽን ተነሳ። አባትሽ ጫማውን አውልቆ ወለሉን በተረከዙ ደበደበው፤ ማሽኑ ወዲያው ዝም አለ። ተግባብተዋል ማለት ነው።

ዣንጥላው ላይ ደረሰ። ሳሉም መጣ።

«አልቆረጠችውም?» አለኝ ሳይዞር።

«ቆርጣው ነበር። መለሰችው።»

ካሴቱ እስኪያልቅ ከመስኮቱ አልዞረም። ሲያልቅ «ሐኪሙ ከቆረጡኝ በኋላ ይሄንንም አልችልም» አለ። እውነቱን ነው። ጨንቆኝ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ «ሰውየው ዣንጥላዋን መለሰላት ወይስ አልመለሰላትም? ዘፈኑ አይናገርም» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አልመለሰላትም። ልትወስደው እንድትመጣ ብሎ ነው የያዘው።»

«እንግዲያው ስትመጣ በሩን የሚከፍትላት ያስፈልጋል» አልኩት። «ልጅህ ወረቀቷ ሲያልቅላት ትመጣለች።»

ልጄ፣ ለክፋት አልነበረም፤ ግን ፊቱን ሳየው ባልተናገርኩ አልኩ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን መልሶ አደረገ፤ ክሩን ማሰር አቅቶት ቆየ፤ እኔም አላገዝኩትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሬዲዮ ማጥፋቱ ይሻልሽ ነበር» አለኝ በመጨረሻ። ቀጥሎም «ያ ሐኪም ስንት ሰዓት ነው የሚገኙት?» አለ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ሐኪሙ ቀኑን ለጥር 28 ቆርጠዋል። ዘግይቷል፣ ግን አልረፈደም ብለዋል። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ቃል ነው፤ እሱ የኋለኛውን።

በስልክ አናግራት ስለው እምቢ አለ። «ካሴቱን ትስማ» ይላል። አልተጫንኩትም።

አክስትሽ


ጥር 14

ለእትዬ፣

ለውለታዎ ቃል የለኝም፤ ፈጣሪ ይቁጠርልዎ። በፈጣኑ ፖስታ ነው የምልከው።

ይህን እባክዎ ያንብቡለት። አባዬ፣ ካሴቱን አልፈልግም። ካሴቱ አለኝ። የዘፈንከው ሁሉ እዚህ መደርደሪያ ላይ አለኝ። የሌለኝ ያ «በሩን ዝጊ» የሚለኝ ድምፅ ነው። ሻካራ ይሁን፣ የተሰነጠቀ ይሁን። የሥራ ቦታዬን ስልክ ከታች ጽፌልሃለሁ። ሌሊትም ቢሆን ቀንም ቢሆን አነሳዋለሁ።

እምቢ ቢል ይጻፉልኝ፤ እሺ እስኪል መጠበቅ ብቻ ነው ያለኝ ዕድል።

ልጅዎ


የካቲት 3

ለልጄ፣

እፎይ የምትይበትን ዜና ያስጻፈኝ አምላክ ክብሩ ይስፋ። አባትሽ ከቀዶ ጥገናው ወጥቷል። አለ። ያየነውን ሁሉ አውጥተነዋል ብለዋል ሐኪሙ፤ ያላዩት ይኖር እንደሆነ ግን ወራት ካለፉ በኋላ ነው የምናውቀው። ከዚህ በላይ ላጣፍጥልሽ አልችልም።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነርሷን ስልክ ጠየቃት። እኔን «ውጪልኝ» ብሎ ከክፍሉ አስወጣኝ። በመስታወቱ ጀርባውን ብቻ ነው ያየሁት። ሲጨርስ ስልኩን ከዘጋም በኋላ እጁን አላነሳውም። ምን እንደተባባላችሁ አልጠየቅኩትም።

በዕለቱ ጎሚስታው ሱቁን ዘግቶ መጣ። እኔና እሱ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። «እማማ፣ ማነው ከእንግዲህ ወለሉን የሚደበድበኝ?» እያለ ያሾፋል። «ተረከዙን አይቆርጡት» አልኩት። ሳቅ ብሎ ፊቱን በጥቁር እጁ ጠረገ፤ ጉንጩ ጠቆረ፤ አልነገርኩትም።

አባትሽ አንገቱ ተጠቅልሏል። የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ወደ ኋላ ብዬ ነበር፤ እሱም አይቶኛል። ጋደም ብሎ ይተኛል አሁን፤ ወንበር አያሻውም። ነርሷ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችው። ውሃ የሚጠይቅ ወይም የሚያማርር መስሎን ነበር። የመጀመሪያው ቃሉ ይህ ነው፦

«ቀድታዋለች?»

የስልኩን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። የትኛውን መልስ እንደሚፈልግ ግን አልገባኝም። ዓይኑን አየሁት፤ አልቻልኩም። ቀድታዋለች ብለው የሚደሰት ይሁን የሚሞት፣ አልቀዳችውም ብለው የሚያርፍ ይሁን የሚያለቅስ አላወቅኩም። አላውቅም አልኩት። ደግሞ ጻፈ፦ «ጠይቂያት።»

በመጣሁ ቁጥር ፊደሎቹን እያደመቀ ያችኑ ወረቀት ያሳየኛል። ቶሎ መልሽልኝ።

አክስትሽ


የካቲት 12

ለእትዬ፣

አባቴን የመለሱልኝ እትዬ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጉልበትዎም ይጽና።

ይንገሩልኝ። አልቀዳሁትም።

ፂሞ ሁሉንም አሰናድቶልኝ ነበር። ያን ሳምንት ሙሉ መቅጃውን ከስልኩ ጋር አያይዞ፣ ባዶ የቴፕ ጥቅል አስገብቶ፣ «ቁልፏን መጫን ብቻ ነው» ብሎኝ ነበር። ስልኩ ሲጮህ እሱ ራሱ ክፍሉን ለቆልኝ ወጣ። አባዬ «ሃሎ» አለ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

ጫማሽ ውሃ ያስገባል ወይ አለኝ። አያስገባም አልኩት። «ትዋሻለሽ፤ ስትዋሺ ቶሎ ነው የምትመልሺው» አለኝ። መስኮትሽ ይገጥማል ወይ አለኝ። ቆሞ መብላት ሆድ ያሳምማል አለኝ፤ ቆሜ እንደምበላ ማን ነገረው? አንድም ስንኝ አልዘፈነም፤ ስለ ዘፈንም አላነሳም። በመጨረሻ «ከነገ ጀምሮ ስንከራከር አሸናፊዋ አንቺ ነሽ፤ ደስ ይበልሽ» አለኝ። ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ፣ ሳሉ መጣበት፣ ጠበቅኩት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ጥቅሉ ባዶውን ነበር።

ፂሞ ገብቶ ባዶውን ጥቅል አወጣና መቅጃውን ከስልኩ ፈታው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ደንግጬ እቆማለሁ፤ ልክ ሠራሁ ወይስ አጠፋሁ? አሁንም አላውቅም። ይህን ሲያነቡለት ፊቱን አይተው ይጻፉልኝ። ቢከፋውም አይደብቁኝ።

«ለምን?» ብሎ ከጻፈ ደግሞ እንዲህ ይበሉልኝ። ብቀዳው ኖሮ አጸዳው ነበር።

ልጁ